አስር ዓመት የቆመ ማሲ ፈርጉሰን አስነስቶ ማሳ ለማስገባት

ትራክተሯን ያገኘኋት አርሲ ውስጥ ኢተያ አካባቢ፣ አንድ መጋዘን ጀርባ ነው። መቀመጫዋ ላይ ዶሮ ታቅፋ ነበር። ባለቤቱ "ሞተሯ ሞቷል፣ በብረት ዋጋ ውሰዳት" አለኝ። ሞተሩ አልሞተም። የናፍታ መስመሩ ውስጥ አየር ገብቶ ነው። ይህን እስካውቅ ግን ሁለት ወር ፈጀብኝ፣ አንድ ሞተሪኖም (ሞተር ማስነሻ) አቃጠልኩ።

ማሲ ፈርጉሰን 135 ናት። እንግሊዝ አገር ኮቨንትሪ ከ1964 እስከ 1975 እ.ኤ.አ. የተሰራችው ቀይዋ፣ ባለ ሶስት ሲሊንደር ፐርኪንስ ናፍታ ሞተር። አርሲ ትራክተርን ቀድሞ ካወቁ አካባቢዎች አንዱ ነው። በስዊድን እርዳታ ካዱ የሚባለው የእርሻ ልማት ድርጅት ጭላሎ ላይ በ1967 እ.ኤ.አ. ስራ ከጀመረ በኋላ፣ ባለርስቶቹ ትራክተር እያስገቡ ብዙ ጭሰኛ ነቀሉ። የሰፈራችን አንድ አዛውንት ቀይዋን ሲያዩ "ይቺ ናት ከመሬት ያስነሳችኝ" አሉ። ከዚያ ጠጋ ብለው ጎማዋን ዳበስ ዳበስ አደረጓት። "ጉልበቷ ግን!" አሉ።

ወደ ስራው እንግባ።

ከመግዛት በፊት

የሞተሩን ዘይት መለኪያ ዱላ አውጡና እዩ። ዘይቱ ወተት የገባበት ሻይ ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል፤ ቴስታታው (የሞተሩ ክዳን) ወይም ከስሩ ያለው ማሸጊያ ጓርኒሲዮኑ ችግር አለበት ማለት ነው። ዋጋ ቀንሱ ወይም ተዉት። ቀጥሎ ከፍተኛ ማርሽ አስገቡና ትራክተሯን ወደፊትና ወደኋላ ወዝወዝ አድርጓት። የራዲያተሩ ፋን ንቅንቅ ካለ ሞተሩ አልተጣበቀም። ፋኑ ካልተነቃነቀ በጉልበት አታስገድዱት። ናፍታ ወደ ሲሊንደር የሚረጩትን ኢንጀክተሮች ፈታችሁ በየሲሊንደሩ ትንሽ ዘይት ጨምሩና ሁለት ሶስት ቀን ጠብቁ።

ቀለሟ አያታልላችሁ። አዲስ ቀለም የተቀባች አሮጌ ትራክተር ሳይ እጠራጠራለሁ። ዝገቱ በግልጽ የሚታየውን እመርጣለሁ። ከቻላችሁ ደግሞ ሁለት ግዙ፤ አንዷ ለመለዋወጫ። አየርላንድ ውስጥ በየዓመቱ በሚደረገው የማረስ ውድድር አሮጌ ትራክተሮች የራሳቸው ምድብ አላቸው፤ ሰዎቹ አጥበውና ወልውለው ነው የሚያመጧቸው። እኛ ዘንድ ሰብሳቢ የሚባለው ጓሮው ውስጥ ትርፍ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) ያለው ሰው ነው።

ቁልፍ

አጭር ነገር ግን አስፈላጊ። 135 የኢንች ብሎን ነው ያላት። ግማሽ ኢንች ማለት 12.7 ሚሊ ሜትር ነው። 13 ቁጥር ቁልፍ ይገባላታል፣ ግን ይላወሳል። የጠበቀ ዳዶ ላይ ስትጫኑት ጠርዙን ይልጠዋል። አንድ የኢንጀክተር ዳዶ እንዲህ ክብ አድርጌ፣ በፒንሳ ስታገል ግማሽ ቀን አጥፍቻለሁ። እንግሊዝ ቁልፍ የሚባለውን፣ አፉ የሚሰፋና የሚጠበውን፣ ጭራሽ አታምጡት። ሙሉ የኢንች ቁልፍ መርካቶ ፈልጉ፤ ውድ ቢሆንም ይገባዋል።

ናፍታ፣ ዘይት፣ ውሃ

አሮጌውን ናፍታ ሙሉ በሙሉ አፍስሱ። ሰልባትዮውን እጠቡ። የናፍታ ፊልትሮዎቹን (ማጣሪያዎቹን) ቀይሩ፤ አብዛኞቹ ላይ ሁለት ናቸው፣ አንዱን ብቻ ቀይሮ መሄድ ስንፍና ነው። ዘይት ቀይሩ። ራዲያተሩን ሙሉ። ባትሪው 12 ቮልት ነው፤ አዲስ ግዙለት።

በጀሪካን የመጣ ናፍታ ከሆነ ሌሊቱን ሳታንቀሳቅሱት ይደር። ውሃውም ቆሻሻውም ከታች ይዘቅጣል። ጠዋት በንጹህ ጨርቅ እያጠለላችሁ ቅዱ፣ የመጨረሻዋን ሊትር ግን አትንኳት።

አየር ማውጣት

ሁሉም ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው፣ እኔንም ጨምሮ። የናፍታ ሞተር እሳት የሚሰጥ ካንዴላ የለውም። ናፍታው በኃይለኛ ግፊት ሲሊንደር ውስጥ መረጨት አለበት። ፈሳሽ ሲገፉት ግፊቱን ያስተላልፋል፤ አየር ግን ይጨመቃል፣ ይለጠጣል፣ ግፊቱን ይበላል። ስለዚህ ትንሽ አየር ካለች ሞተሪኖው የፈለገውን ያህል ቢዞር ኢንጀክተሩ አይረጭም። እኔ ይህን አላወቅሁም። ከጠዋት እስከ ምሳ ቁልፍ ሳዞር ዋልኩ። መጨረሻ ላይ የተቃጠለ ጎማ የመሰለ ሽታ መጣ፣ ሞተሪኖውም ጸጥ አለ። እዚያው አንድ ጎረቤት "የአየር ማጣሪያው ላይ ትንሽ ቤንዚን ብታፈስበት" ብሎ መከረኝ። እግዜር አወጣኝ፣ አልሰማሁትም። የ135 አየር ማስገቢያ ላይ ለብርድ ጠዋት የሚግል ማሞቂያ አለ። ቤንዚን ወይም ኢተር ከጋለ ሽቦ ጋር ምን እንደሚያደርግ መናገር አያስፈልግም።

ትክክለኛው መንገድ ይኸው። መጀመሪያ የሰልባትዮውን መክፈቻ ክፈቱ። ሞተር ማጥፊያውን ገመድ ወደ ውስጥ መልሱት፤ ወደ ውጭ ተስቦ ከቀረ ናፍታው ተዘግቷል፣ ቀኑን ሙሉ ብትደክሙ ዋጋ የለውም። ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻው ክፈቱ።

ከሞተሩ ጎን ትንሽ የናፍታ ፓምፕ አለች፣ በጣት የምትገፋ ምላስ ያላት። በእሷ ነው የምትሰሩት። ምላሷ ላላ ብላ ምንም ካልገፋች ተበላሽታለች ብላችሁ አትጣሏት። እኔ ጥያት አዲስ ገዝቻለሁ፤ አዲሷም ላላ አለች! ነገሩ ሌላ ነው። ከውስጥ የሚገፋት አካል ጫፉ ላይ ቆሞ ሲገኝ ምላሷ የምትሰራበት ቦታ አይኖራትም። ሞተሩን ትንሽ አዙሩት፣ ትመለሳለች።

አሁን የፊልትሮዎቹን አናት ላይ ያለውን ብሎን አላሉና ምላሷን ግፉ። መጀመሪያ አረፋ ይወጣል፣ ሳሙና የመሰለ። ከዚያ አረፋና ናፍታ። ከዚያ ጥርት ያለ ናፍታ። እየፈሰሰ ሳለ አጥብቁት፤ ገፍታችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ብታጠብቁት አየሩ ተመልሶ ይገባል። ቀጥሎ ናፍታውን ወደ ኢንጀክተሮቹ የሚገፋው ዋናው ፖምፓ ላይ ሁለት ትንንሽ ብሎኖች አሉ፣ አንዱ ጎኑ ላይ፣ አንዱ ከላይ። ሁለቱንም አላሉና ግፉ። የታችኛውን መጀመሪያ አጥብቁ፣ የላይኛውን ቀጥሎ፤ አየር ወደ ላይ ነውና የሚሄደው። ስስ ናቸው፣ አትጩኑባቸው።

መጨረሻ ኢንጀክተሮቹ ጋ ያሉትን ዳዶዎች ግማሽ ዙር ያህል አላሉ። አንድ ሰው ቁልፍ ያዙር፣ ከ10 ሰከንድ አይበልጥ፣ ከዚያ ሞተሪኖው ይረፍ። እናንተ ዳዶዎቹን ተመልከቱ። ናፍታ ጠብ፣ ጠብ ማለት ሲጀምር አጥብቁ። እጃችሁን ግን ከዚያ አርቁ፤ የሚወጣው ናፍታ ግፊቱ ቆዳ ይበሳል። ሶስተኛውን ስታጠብቁ ብዙ ጊዜ ሞተሩ ሳል ሳል ብሎ ይነሳል። የእኔዋ መጀመሪያ በሁለት ሲሊንደር ተነሳች፣ ነጭ ጭስ ተፋች፣ ከዚያ ሶስተኛው ገባ። ዶሮዋ የት እንደገባች እንጃ።

አንድ ነገር ቀድማችሁ አዘጋጁ፤ የአየር ማስገቢያውን አፍ የሚከድን ጠፍጣፋ ጣውላ። አስር ዓመት የቆመ ፖምፓ ውስጡ ተጣብቆ ሞተሩ ያለ ልክ ሊጮህ ይችላል፣ ማጥፊያውም ላይሰማ። ያኔ አየሩን መከልከል ብቻ ነው የሚያቆመው። በእጅ ወይም በጨርቅ አይሞከርም፤ ስቦ ያስገባዋል።

ተነስታ የዘይት ግፊት መለኪያው ከፍ ካላለ ወዲያው አጥፏት።

ማረስ

ፍሬን ሳትፈትሹ ከግቢ አትውጡ። ሁለት የፍሬን ፔዳል አላት፣ ለእያንዳንዱ የኋላ ጎማ። መንገድ ላይ ሁለቱን የምታያይዘውን መቀርቀሪያ ዝጉ፤ አንዱን ብቻ በፍጥነት ብትረግጡ ትገለብጣችኋለች። ጭነት የሚጎተተው ከታች ካለው መጎተቻ ብቻ ነው። ከኋላ ዘንጉ በላይ ሰንሰለት ብታስሩ አፍንጫዋ ይነሳና ወደ ኋላ ትወድቅባችኋለች። መከላከያ ጣሪያ የላትም። ልጆችን ጭቃ መከላከያው ላይ ማስቀመጥ ለምዶብናል፤ ይቅር።

ሌላውን ማሳው ያስተምራል። አንድ ነገር ብቻ ልበል። ከመቀመጫው አጠገብ ካሉት ሁለት መቆጣጠሪያዎች አንዱ ማረሻውን በአንድ ከፍታ ላይ ያቆመዋል፣ ሌላው የአፈሩን ጉተታ ይከታተላል። ለማረስ ሁለተኛውን ተጠቀሙ። ማረሻው ጠንካራ መሬት ሲያገኝ ከትራክተሩ ጋር የሚያያይዘው የላይኛው ክንድ ወደ ትራክተሩ ይገፋል። ሃይድሮሊኩ ይህን ተረድቶ ማረሻውን በትንሹ ያነሳዋል፣ ክብደቱም ወደ ኋላ ጎማ ይዞራል። ለትራክተሯ ስሙን የሰጣት ሃሪ ፈርጉሰን የታወቀበት ሃሳብ ይህ ነው። መጀመሪያ ቀን በሌላኛው አርሼ መረሬው ላይ ጎማው ሲሽከረከር ዋለ፤ ማሳው የአሳማ መንከባለያ መሰለ።

ክረምቱ ሲያልፍና ስታቆሟት፣ የፍሪሲዮኑን ፔዳል ረግጣችሁ በእንጨት ሽብልቅ ያዙት። ካልሆነ ዲስኩ ተጣብቆ ይጠብቃችኋል፣ ካምቢዮውን ለመለየት ትራክተሯን ለሁለት መክፈል ሊኖርባችሁ ነው።