«መሪው እንዲህ አሉ» የሚል ፖስት እንዴት ይመዘናል?

የአንድ መሪ ፎቶ፣ ከጎኑ በትልልቅ ፊደል የተጻፈ ጥቅስ፣ ከላይ ደግሞ «ንቀታቸውን እዩልኝ!» የሚል የለጣፊው ቃል። ፌስቡክም ቴሌግራምም ላይ የማይታይበት ቀን የለም። ብዙዎቻችን መጀመሪያ የምንጠይቀው «እውነት ብለውታል?» ብለን ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ግን ብቻውን አይበቃም። መሪው በእርግጥ የተናገሩትን ቃል ይዞም ሰው ማሳሳት ይቻላል፤ እንዲያውም ከፈጠራ ጥቅስ ይልቅ የሚያስቸግረው ይሄኛው ነው።

1. የለጣፊውን ቃል በጣታችሁ ሸፍኑና ጥቅሱን ለብቻው አንብቡት። ከዚያ ጣታችሁን አንሡና ግሡን ተመልከቱ። «አሉ» ወይም «ተናገሩ» ብሎ የጻፈ ሰው ፍርዱን ለእናንተ ትቷል። «ዛቱ»፣ «ተሳለቁ»፣ «ቀባጠሩ» ያለው ግን ፈርዶ ጨርሷል፤ ከእናንተ የሚጠብቀው ጭብጨባ ብቻ ነው። ትምህርተ ጥቅስ ከሌለ ደግሞ የምታነቡት የመሪውን ቃል ሳይሆን ለጣፊው የተረዳውን ነው።

2. ሙሉውን ንግግር ፈልጉ። ዋናው ሥራ እዚህ ላይ ነው። ብዙ ሰው የሚያውቀውን የአፄ ምኒልክን የ1888 ዓ.ም. የክተት አዋጅ እንውሰድ። አንድ ሰው ይህቺን ብቻ ቆርጦ ለጠፈ እንበል፦

«ወስልተህ የቀረህ ግን ኋላ ትጣላኛለህ፤ አልተውህም። ማርያምን! ለዚህ አማላጅ የለኝም።»

አዋጁን ለማያውቅ አንባቢ ይህ የገዛ ሕዝቡን የሚያስፈራራ ንጉሥ ነው። ትንሽ ከፍ ብላችሁ አንብቡ፦ «ጉልበት ያለህ በጉልበትህ እርዳኝ። ጉልበት የሌለህ ለልጅህ፣ ለሚስትህ፣ ለሃይማኖትህ ስትል በሐዘን እርዳኝ።» ከዚያም በላይ የባሕር በሩን አልፎ ስለመጣው ጠላት ይናገራል። ዛቻው ዛቻ መሆኑ አልቀረም፤ ለማንና ለምን እንደተባለ ግን አሁን ታወቀ። በተቃራኒው ዛቻውን ትቶ «እርዳኝ» የሚለውን ብቻ የሚለጥፍ አድናቂም ቆራጭ ነው። እሱን ግን ስለምንወደው አንጠይቀውም።

ለዛሬ መሪዎችም መንገዱ ያው ነው። ሙሉውን ንግግር ከመሥሪያ ቤቱ ገጽ ወይም በቀጥታ ካስተላለፈው ጣቢያ ዩቲዩብ ላይ ፈልጋችሁ ከጥቅሱ በፊትና በኋላ ያለውን ጥቂት ደቂቃ ስሙ። ለጥያቄ የተሰጠ መልስ ከሆነ ጥያቄውንም ጭምር። ሊንክ የሌለው ስክሪንሾት ማስረጃ አይደለም።

3. ቀኑን አረጋግጡ። አሮጌ ንግግርን ትናንት እንደተባለ አድርጎ ማውጣት ርካሽ ግን የሚሠራ ዘዴ ነው። በእኛ ላይ ደግሞ የዘመን አቆጣጠሩ ይጨመርበታል፤ «2012» የሚል ቪዲዮ ዓ.ም. ነው ወይስ እ.ኤ.አ.? መካከላቸው የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት አለ። አዳራሹን እዩ፦ ሰው ሁሉ ማስክ ካደረገ፣ ከጎን የተቀመጡት ሚኒስትር ከሥልጣን ከወረዱ ከቆዩ፣ ንግግሩ የዚህ ሳምንት አይደለም።

4. ቪዲዮ ስለሆነ ብቻ አትመኑ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 2022 የዩክሬኑ ፕሬዚዳንት ዘለንስኪ ወታደሮቻቸውን «መሣሪያ አስቀምጡ» ሲሉ የሚያሳይ የሐሰት ቪዲዮ ተሠራጭቶ ነበር፤ እሳቸው ወዲያው በራሳቸው ቪዲዮ አስተባበሉ። ለማጭበርበር ግን ያን ያህል ቴክኖሎጂ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2019 የአሜሪካ ተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባኤ የነበሩትን ናንሲ ፔሎሲን የሰከሩ ለማስመሰል የቪዲዮውን ፍጥነት መቀነስ በቂ ነበር። መፍትሔው የዚያኑ ንግግር ሌላ ቅጂ ፈልጎ ጎን ለጎን ማየት ነው።

5. አሁን መሪውን ራሳቸውን መዝኑ። ጥቅሱ እውነትና ያልተቆረጠ ሆኖ ከተገኘ ለጣፊው ነፃ ወጣ፤ ተናጋሪው ግን ገና ናቸው። «ወይ ከእኛ ጋር ነህ፣ ወይ ባንዳ ነህ» ሦስተኛ መንገድ እንዳይታያችሁ የሚደረግበት አነጋገር ነው። ስም የሌላቸው «እነሱ»፣ መቼና በምን ያህል ገንዘብ እንደሚፈጸም የማይነገር ተስፋ፣ ለቀረበ ጥያቄ መልስ ሳይሰጡ የጠያቂውን ማንነት ማንሣት፤ እነዚህን ለዩ። ከዚያ የመሪውን ስም አንሡና የምትወዱትን ሰው ስም ተኩበት። ቃሉ በድንገት «ቆራጥነት» ከመሰላችሁ፣ ስትመዝኑ የነበረው ንግግሩን ሳይሆን ሰውየውን ነው።

6. ለጣፊውን እዩ። ሰማያዊ ምልክት ዛሬ በኤክስም በፌስቡክም በክፍያ የሚገኝ ነው። የፌስቡክ ገጽ መቼ እንደተከፈተና ስሙ ስንቴ እንደተቀየረ በራሱ በገጹ መረጃ ውስጥ ይገኛል፤ ትናንት የምግብ አሠራር ገጽ የነበረ ዛሬ የፖለቲካ «ሰበር ዜና» ሆኖ ልታገኙት ትችላላችሁ።

ሼር የምታደርጉ ከሆነ ሙሉውን ሊንክና ቀኑን አብራችሁ አስቀምጡ፤ ምንጩን ካጣችሁት አታሳልፉት። ኢትዮጵያ ውስጥ ያላችሁ ደግሞ ስለ ጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃ የወጣውን አዋጅ ቁጥር 1185/2012ን አትርሱ፦ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ላይ የተሠራጨ ሐሰተኛ መረጃ ቅጣቱ ከፍ ይላል።