ማዲያትና የአዳማ ፀሐይ

በአዳማ ፀሐይ እየዋሉ ፊታቸው ላይ ማዲያት ለወጣባቸው ሁሉ፣ ከማናቸውም የሚያጠራ ቅባት በፊት የማስቀድመው የፀሐይ መከላከያን ነው፤ ለሳምንታት በመድኃኒት የፈካው ቆዳ ያለ ጥላ በዋሉበት ጥቂት ቀን ተመልሶ ሊጠቁር ይችላልና። መከላከያው የSPF ቁጥሩ (ከፀሐይ የመከላከል አቅሙን የሚያሳየው) 30 ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ፣ ለፊትና ለአንገት በሁለት ጣት ርዝመት ልክ ጣት ላይ ተጨምቆ ተቀብቶ፣ ውጭ እስከዋሉ ድረስ በየ2 ሰዓቱ ይደገማል። ማዲያትን የሚያባብሰው ለዓይን የሚታየው ብርሃንም ጭምር ስለሆነና ቀለም የሌለው ነጩ መከላከያ ይህን እምብዛም ስለማያግድ፣ ከተገኘ የብረት ኦክሳይድ ያለበት፣ የቆዳ ቀለም ያለው ዓይነት ይመረጣል። ባጃጅ ውስጥ መቀመጥ በጎን የሚገባውን ፀሐይ አያስቀርም፤ ነጠላ መከናነብም (ስስ ነውና) ጃንጥላን አይተካም።

አብዝቼ የምፈራው ግን ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚገዙትን፣ ቤታሜታዞን ወይም ክሎቤታሶል (ስቴሮይድ የሚባሉ ጠንካራ መድኃኒቶች) ያለባቸውን ቅባቶች ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፊትን አጥርተው ያስደስታሉ፣ ሲቆዩ ግን ቆዳን ያሳሳሉ፣ የደም ሥሮችን ያጎላሉ፣ በቀላሉ የማይለቅ መቅላትና ብጉርም ያመጣሉ። ለወራት የተቀባ ሰው በድንገት ቢያቆም መቅላቱ ሊብስበት ስለሚችል፣ ቱቦውን ይዞ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ይሂድና እንዴት ቀስ በቀስ እንደሚተወው ይጠይቅ። ሆርሞን አንዱ የማዲያት መነሻ በመሆኑ፣ እርጉዝ የሆኑ ወይም የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል የሚወስዱ ሴቶች ይህንኑ አስቀድመው ለሐኪሙ ይንገሩ።