ጎግል አላስገባ ያለኝ የጤፍ ጽሑፍ በመጨረሻ እንዴት ገባ

ደብረ ማርቆስ ላለ አንድ የጤፍ ነጋዴ ድረ ገጽ ጽሑፍ አዘጋጃለሁ። ችግሩ ይሄ ነበር፦ ጽሑፎቹ ጎግል ላይ ጨርሶ አይወጡም። ሰርች ኮንሶልን፣ ጎግል ለድረ ገጽ ባለቤቶች ገጾቻቸው ያሉበትን ሁኔታ የሚያሳይበትን መሣሪያ፣ ከፍቼ ሳይ «ክሮልድ፣ ከረንትሊ ኖት ኢንዴክስድ» ይላል። ጎግል ገጹን አይቶታል፣ ግን መዝገቡ ውስጥ አላስገባውም ማለት ነው።

መጀመሪያ «የጤፍ ዋጋ» የሚለውን በየአንቀጹ ደጋገምኩ። አልሠራም። ሳይትማፑን፣ ማለትም የድረ ገጹን ገጾች ዝርዝር፣ እንደገና ላክሁ፣ ኢንዴክስ ይደረግልኝ (መዝገቡ ውስጥ ይግባልኝ) ብዬ በየቀኑ ጠየቅሁ፤ ወፍ የለም።

ከዚያ ጽሑፎቹን አንድ በአንድ ሳነብ ነው የገባኝ። ሁሉም ሌላ ቦታ የተጻፈውን መልሰው የሚያወሩ ናቸው፤ ጤፍ ብረት አለው፣ ግሉተን የለውም፣ አለቀ። ለዚህ ብሎ ማን የኛን ገጽ ይከፍታል?

ደብተር ይዤ ገበያ ወረድኩ። ለስድስት ሳምንት፣ በየገበያው ቀን፣ የነጭ፣ የሰርገኛና የቀይ ጤፍ ዋጋ በኩንታል መዘገብኩ፣ የቢቸናውን ከአዴቱ ለይቼ። አንዲት እናት ጤፉን መዳፋቸው ላይ አሸት አሸት አድርገው እፍ ሲሉት የሚቀረውን አፈር አሳዩኝ፤ አስፈቅጄ እጃቸውን ብቻ ፎቶ አነሳሁ። ዋጋውን አዲስ ገጽ ላይ በሰንጠረዥ አስቀመጥኩ፣ ከነቀኑ፣ እንዴት እንደሰበሰብኩትም ጭምር።

አሮጌዎቹን ተመሳሳይ ገጾች በ301 ሪዳይሬክት፣ የድሮውን አድራሻ የከፈተን በቋሚነት ወደ ሌላ አድራሻ በሚወስደው፣ ወደ አዲሱ ገጽ አዞርኩና ሰርች ኮንሶል ውስጥ ባለው ዩአርኤል ኢንስፔክሽን (የአንድ ገጽ አድራሻ መመርመሪያ) ኢንዴክስ ይደረግልኝ ብዬ አንዴ ብቻ ጠየቅሁ። በሳምንቱ ገባ። አዲስ ዋጋ ሲመጣ ያንኑ ገጽ ነው የማድሰው፣ አድራሻውን አልነካም።