የዩራኒየም ጋማ ቆጠራ ሲዛባ፦ የ186 ፒክና ሌሎች

ምልክት፦ ዩራኒየም 235 ከሚጠበቀው በላይ መጣ። በተፈጥሮ ዩራኒየም ውስጥ በቤክሬል (በሰከንድ በሚፈርሱ አቶሞች ብዛት) ሲሰላ የዩራኒየም 238 0.046 እጅ ብቻ ነው። የአፈር ናሙና 0.1 ካሳየ «የበለጸገ (235 የበዛበት) ነው» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት የ186ን ፒክ (ቆጠራው በ186 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ የሚያሳየውን ጉብታ) ጠርጥሩ።

መንስኤ፦ ዩራኒየም 235 በ185.7 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ላይ ከ100 ፍርሰት በ57ቱ ጋማ ይለቃል። ራዲየም 226 ደግሞ በ186.2 ላይ በ3.6ቱ ብቻ። የሁለቱ ልዩነት ግማሽ ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ነው፤ ጥሩ ጀርማኒየም ዲቴክተር እንኳ እዚያ ላይ የፒኩ ስፋት 1 ያህል ስለሆነ አይለያቸውም። 3.6 ከ57 አጠገብ ኢምንት ትመስልና ትታለፋለች። ነገር ግን ሚዛኑን በጠበቀ አፈር (ራዲየሙና ዩራኒየም 238 በቤክሬል እኩል በሆኑበት) ራዲየሙ ከ235 በቤክሬል 22 እጥፍ ገደማ ይበልጣል። 1 × 3.56 እና 0.046 × 57.2 ስታሰሉ 3.56 ለ2.63 ይሆናል፤ ከፒኩ ግማሽ በላይ የራዲየም ነው። ሁሉንም ለ235 የሰጠ ውጤቱን 2.35 እጥፍ፣ ለራዲየም የሰጠ 1.74 እጥፍ ያሳብጣል። ላይብረሪው (የሶፍትዌሩ የጋማ ዝርዝር) ውስጥ አንዱን ብቻ ካስገባችሁ ሶፍትዌሩ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ሁሉንም ለእሱ ይሰጣል።

መፍትሄ፦ ራዲየምን ከልጆቹ (ሲፈርስ ከሚወልዳቸው) አውጡ፤ እርሳስ 214 በ351.9 (35.6 በመቶ)፣ ቢስመዝ 214 በ609.3 (45.5 በመቶ)። ናሙናው ዲቴክተሩ ላይ ከተቀመጠ 351.9ን እመኑ፤ 609.3 ከሌሎች ጋማዎች ጋር እየተደራረበ ቆጠራ ይጎድለዋል። ያገኛችሁትን ቤክሬል በ0.0356፣ በዲቴክተሩ ብቃት (ከሚለቀቁት ጋማዎች በሚይዘው እጅ) እና በቆጠራው ሰከንድ አባዝታችሁ ከ186 ፒክ ቀንሱ። ቀሪው የ235 ነው፤ በ0.572፣ በብቃቱና በሰከንዱ አካፍሉት።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ዕቃው አየር ካላስወጣ ነው! በራዲየሙና በእነዚህ ልጆች መካከል ያለው ራዶን 222 ጋዝ ነው፣ ግማሽ ዕድሜው 3.82 ቀን። ካሸጋችሁ በኋላ 4 ሳምንት ጠብቁ። ተጭኖ የሚዘጋ ቀጭን የፕላስቲክ ክዳን ለዚህ ሥራ አይረባም፤ ራዶኑ በጠርዙ ይወጣል፣ ራዲየሙ አንሶ ይነበባል፣ የምትቀንሱት ያንስና 235 መልሶ ያብጣል። በናሙናው አናት ላይ ባዶ ቦታም አትተዉ።

በኬሚካል የተጣራ ዩራኒየም ከሆነ ራዲየሙ ወጥቷልና ምንም አትቀንሱ።

ማመሳከሪያ ብላችሁ ወደ ሌላው የ235 ፒክ፣ ወደ 143.8፣ ከሄዳችሁ በ144.2 ራዲየም 223 አለ። 163.4 እና 205.3 ይሻላሉ፤ እያንዳንዳቸው 5 በመቶ ናቸው።

ዩራኒየም 238 በ1001 ላይ 40 በመቶ ያህል በልጦ ከመጣ ላይብረሪያችሁ ያረጀ ነው፤ 0.59 በመቶ የሚለውን ሰርዛችሁ 0.84 አስገቡ።

ዩራኒየም 238 በ63.3 (የልጁ የቶሪየም 234 ጋማ) ላይ ካነሰ ናሙናው ራሱ ጨረሩን እየዋጠው ነው፤ ለጥግግቱ አርሙ። ናሙናው በቅርቡ የተጣራ ከሆነ ግን ቶሪየም 234 ገና አልሞላም፤ 5 ወር ይፈልጋል።