አዲሱ ብራውዘር ምንም አልከፍትም ሲላችሁ

ፈጣን ነው የተባለ ብራውዘር ትጭናላችሁ፤ ብሬቭ ይሁን ቪቫልዲ። ጂሜይል አይገባም፣ የባንክ ገጽ አይገባም። «ግንኙነትዎ የግል አይደለም» ብቻ። ወዲያው «ይሄ አይረባም» ይባልና ይጠፋል። ብራውዘሩ ግን ምንም አላጠፋም። መጀመሪያ ታች ጥግ ላይ ያለውን ቀን እዩ።

እኔ ጋ ከሚመጡት ዴስክቶፖች የብዙዎቹ ችግር ይኸው ነው። ኮምፒውተሩ ሲጠፋ ሰዓቱን የሚያስቆጥረው የማዘርቦርዱ ባትሪ ሞቷል፤ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ኮምፒውተሩ እ.ኤ.አ. 2009 ላይ ይነሳል። ድረ ገጾች ማንነታቸውን የሚያረጋግጡበት ሰርተፍኬት መጀመሪያና ማብቂያ ቀን አለው። እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ወዲህ የሚሰጠው የሚያገለግለው ከአንድ ዓመት ከአንድ ወር ገደማ አይበልጥም። 2009 ላይ ላለ ኮምፒውተር ይህ ሰርተፍኬት ገና አልወጣም። ስለዚህ አይቀበለውም።

የባሰው ቀኑ በእጅ ሲሞላ የሚመጣው ነው። አንድ ቢሮ ተጠርቼ ስሄድ ዊንዶውስ ሳይቀር እንደ አዲስ ተጭኗል፤ ችግሩ ግን እዚያው ነው። የሒሳብ ሠራተኛዋ ቀኑን ግድግዳ ላይ ካለው ካላንደር ነበር የሞላችው፦ 2017። ሰዓቱም 3፡20፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ከሃያ ስለነበር። ኮምፒውተሩ ግን በፈረንጅ ነው የሚቆጥረው፤ በዚያ 2017 ድሮ አልፏል፣ 3፡20ም ከሌሊቱ 9፡20 ነው። እሷን አልወቅስም። ቀኑን ሳያይ ዊንዶውስ የሚያጠፋ ባለሙያ ግን ያናድደኛል፤ የሰው ፋይል አብሮ ይጠፋል!

መፍትሄው፦ የሰዓት ዞኑን ናይሮቢ አድርጉ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ትክክለኛውን ቀንና ሰዓት በእጅ አስገቡ፣ ከዚያ ሰዓቱን ከኢንተርኔት ጋር የሚያመሳስለውን «ሲንክ ናው» ተጫኑ። በእጅ ማስገባቱን አትዝለሉ። ልዩነቱ ሰፊ ሲሆን ዊንዶውስ በራሱ ላያስተካክለው ይችላል።

ከዚያ ባትሪውን ቀይሩ። ሳንቲም የምታህለው ሲአር2032 ናት። አዲስ ስትሆን 3 ቮልት ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ማሳየት አለባት፤ ሱቁ በር ላይ ቮልት በሚለካ ሜትር ለኩ። ርካሿ ወራት ሳትቆይ ትሞታለች። ከመንቀላችሁ በፊት የባዮሱን (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተውን) ሴቲንግ በስልክ ፎቶ አንሱ፤ የሃርድ ዲስኩ ሞድ ከተቀየረ ዊንዶውስ አይነሳም። ገመዱን ከሶኬት ንቀሉ። ንቀሉ ስል ማጥፋት ብቻ አይደለም።

ቀኑን ሳታስተካክሉ «ለማንኛውም ቀጥል» አትበሉ። ባንክ ላይ ደግሞ በፍጹም! ቀኑ ትክክል ሆኖም ማስጠንቀቂያው ከመጣ የይለፍ ቃል አታስገቡ።

ብራውዘሩ ጭራሽ አልጫን ካለ ኮምፒውተሩ ዊንዶውስ 7 ይሆናል። ክሮም እዚያ ስሪት 109 ላይ ቆሟል፤ ብሬቭና ኤጅም እንዲሁ።

ብራውዘሩ ፈጥኖ ቆይቶ ከዘገየ ከድሮው ብራውዘር ያመጣችሁትን ኤክስቴንሽን (ብራውዘሩ ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም) አጥፉ።

አዲሱ ብራውዘር ላይ አካውንት ስትከፍቱ ከስልክ አፕ የሚወጣው ባለስድስት አሃዝ ኮድ «ስህተት ነው» ከተባለ ስልኩ በሐበሻ ሰዓት ተሞልቶ ይሆናል። ኮዱ በየ30 ሴኮንዱ ከሰዓቱ ነው የሚሰላው። የስልኩን ሰዓት አውቶማቲክ አድርጉት፤ የሐበሻ ሰዓት የሚያሳይ አፕ ለብቻው መጫን ይቻላል።