ያው ጀበና ከራሱ ጋር አልዛመድ ሲል፦ የኖርማል አቅጣጫን ማስተካከል

አዳማ በሚገኘው የሥራ ክፍሌ ጀበና፣ ሲኒና ረከቦት በጥልቀት ካሜራ እየቀረጽሁ፣ የነጥብ ደመናቸውን፣ ማለትም ገጻቸውን የሚወክለውን የነጥቦች ስብስብ፣ ኦፕንስሪዲ በተባለው የፕሮግራም ላይብረሪ ኤፍፒኤፍኤች፣ ማለትም በዙሪያው ያለውን ቅርጽ የሚገልጹ 33 ቁጥሮች ለየነጥቡ በሚሰጠው ገላጭ፣ ለመለየት ስሞክር አራት ቀን ባከነብኝ። ያው ጀበና ሁለት ጊዜ ሲቀረጽ የሆዱ ነጥቦች አይመሳሰሉም፤ አንዳንዶቹ እንዲያውም ከሲኒው ጋር ይዛመዱ ነበር።

የነጥቦቹን ብዛት ጨመርሁ፤ የገላጩን ራዲየስ፣ ማለትም በየነጥቡ ዙሪያ የሚያየውን ርቀት፣ ከ25 ወደ 40 ሚሊሜትር ከፍ አደረግሁ፤ ለውጥ አልመጣም።

በመጨረሻ በማሳያው መስኮት ላይ የኤን ቁልፍን ተጭኜ ኖርማሎቹን፣ ማለትም በየነጥቡ ከገጹ ጋር በቀጤ ማዕዘን የሚቆሙትን መስመሮች፣ ሳወጣ፣ በአንዱ ቅኝት ከጀበናው ሆድ ወደ ውጭ እንደ ጃርት እሾህ ቆመው፣ በሌላው ግን ብዙዎቹ ወደ ውስጥ ተገልብጠው አየኋቸው። ኖርማል የሚሰላው ከአጎራባች ነጥቦች የኮቫሪያንስ ማትሪክስ (ነጥቦቹ ወዴት ወዴት እንደተበተኑ ከሚያሳይ የቁጥር ሰንጠረዥ) በመሆኑ መስመሩ ይታወቃል እንጂ ወዴት እንደሚያይ አይወሰንም፤ ኤፍፒኤፍኤች ደግሞ የሚቆጥረው ከእነዚሁ ኖርማሎች የሚወጡትን ማዕዘኖች ነው።

«ኦሪየንት ኖርማልስ ቱዋርድስ ካሜራ ሎኬሽን» የሚባለውን፣ ኖርማሎቹን ወደ ካሜራው የሚያዞረውን ትእዛዝ መጀመሪያ የጠራሁት ከተለያየ ጎን የተቀረጹት ፍሬሞች (ነጠላ ቀረጻዎች) በተዋሃዱበት ደመና ላይ ስለነበር የጀበናው ጀርባ እንደተገለበጠ ቀረ፤ ትእዛዙ ሌላ ካልተነገረው ካሜራው ዜሮ ነጥብ ላይ እንዳለ ይቆጥራልና። የሠራው፣ ፍሬሞቹ ከመዋሃዳቸው በፊት፣ እያንዳንዱ ገና በራሱ ካሜራ መጋጠሚያ ላይ (ካሜራው ዜሮ ነጥብ በሆነበት) እያለ መጥራት ነው፤ ኋላ ፍሬሙ ሲዞር ኖርማሎቹም አብረውት ይዞራሉ።

ሁለቱ ቅኝቶች ወዲያው ተገጣጠሙ። እጀታው ብቻ፣ ለመረጥሁት ራዲየስ ቀጭን ስለሆነ፣ አሁንም አልፎ አልፎ ይሳሳታል።