የዲኤንኤ የመቅለጫ ሙቀት በፓይተን፦ ከስሌቱ እስከ ግራፉ

ደሴ ላይ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው፤ የሐረጎን ቁልቁለት ወርደው ኮምቦልቻ ሲደርሱ ደግሞ ወደ 94 ይጠጋል። ስለዚህ አንድ የላብራቶሪ መመሪያ «በፈላ ውኃ፣ በ100 ዲግሪ» ሲል ደሴ ላይ የሚሠራ ሰው 8 ዲግሪ ያህል እንደሚጎድለው ማወቅ አለበት። የዲኤንኤ የመቅለጫ ሙቀትም እንደዚሁ ከሁኔታው ተነጥሎ ሊነገር የማይችል ቁጥር ነው፤ ልዩነቱ፣ ይህን ሙቀት ከፍ ዝቅ የሚያደርገው የቦታው ከፍታ ሳይሆን በቱቦው ውስጥ ያለው የጨው መጠንና የዲኤንኤው ክምችት መሆኑ ነው።

የመቅለጫ ሙቀት የምንለው ከተጣመሩት የዲኤንኤ ሰንሰለቶች እኩሌታው ተላቅቆ እኩሌታው ገና እንደተጣመረ የሚገኝበትን ሙቀት ነው። በፒሲአር (ዲኤንኤን በቱቦ ውስጥ በሚያባዛው ዘዴ) ሥራ ላይ ፕራይመሩ፣ ማለትም ብዜቱ የሚነሣበት አጭር የዲኤንኤ ቁራጭ፣ ዒላማውን የሚይዝበትን ሙቀት የምንመርጠው ይህን ቁጥር ተመርኩዘን ነው። በቆቦ አካባቢ በተሰበሰበ የማሽላ ዘር ላይ የሚሠራ አንድ ተማሪ ለአንድ ፕራይመር ከሦስት ማስያዎች ያገኛቸውን ሦስት የተለያዩ ቁጥሮች ይዞ መጥቶ ትክክለኛው የትኛው እንደሆነ ጠይቆኝ ነበር። ሦስቱም በየራሳቸው ቀመርና መነሻ የተሰሉ ነበሩ፤ የጎደለው የጨውና የክምችት መጠናቸው አብሮ አለመጻፉ ነው። ይህን መመሪያ የምጽፈውም ያ እንዳይደገም ነው።

ለምሳሌነት በብዙ ላብራቶሪዎች የታወቀውን የኤም 13 ፕራይመር እንውሰድ። ቅደም ተከተሉ በአራቱ የዲኤንኤ ፊደሎች (ኤ፣ ቲ፣ ጂና ሲ) ሲጻፍ ጂ-ቲ-ኤ-ኤ-ኤ-ኤ-ሲ-ጂ-ኤ-ሲ-ጂ-ጂ-ሲ-ሲ-ኤ-ጂ-ቲ ነው፤ በድምሩ 17 ፊደል ሲሆን ጂና ሲ 9፣ ኤና ቲ 8 ናቸው። ቀላሉ የዋላስ ቀመር እያንዳንዱን ኤና ቲ በ2፣ እያንዳንዱን ጂና ሲ በ4 አባዝቶ ይደምራል፤ 16 ሲደመር 36፣ 52 ዲግሪ ይሆናል። ሁለተኛው ቀመር ከጂና ሲ ብዛት 16.4 ይቀንሳል፣ ልዩነቱን በ41 አባዝቶ ለርዝመቱ ያካፍላል፣ በመጨረሻም 64.9 ይደምርበታል፤ ውጤቱ 47 ዲግሪ ገደማ ነው። የመጀመሪያው ከ14 ፊደል በታች ለሆኑ አጫጭር ቁርጥራጮች የሚበጅ ግምት ስለሆነ እኔ ለፕራይመር ምርጫ አልጠቀምበትም።

ሊታመን የሚገባው ስሌት የፊደሎቹን ብዛት ብቻ ሳይሆን ማን ከማን ጎን እንደተቀመጠ ጭምር የሚያይ ነው። ፕራይመሩን ከግራ ወደ ቀኝ ሁለት ሁለት እያደረግን ስናነብ (ጂ-ቲ፣ ቲ-ኤ፣ ኤ-ኤ እያልን) 16 ተጎራባች ጥንዶች እናገኛለን። እያንዳንዱ ጥንድ በሙከራ የተለካ ኤንታልፒ (የሙቀት ኃይል ለውጥ) እና ኤንትሮፒ (የሥርዓት አልባነት ለውጥ) አለው፤ ለምሳሌ ኤ-ኤ −7.9 ኪሎካሎሪ በሞል እና −22.2 ካሎሪ በሞል በኬልቪን ሲሆን፣ ሲ-ጂ ደግሞ −10.6 እና −27.2 ነው። ኮዱን ራሱ የሚጽፍ ሰው እዚህ ላይ ይጠንቀቅ፦ የእነዚህ ዋጋዎች ሠንጠረዥ የሚይዘው 10 ጥንዶችን ብቻ ነው፤ ምክንያቱም ኤ-ሲ የሚለው ጥንድ ከተቃራኒው ሰንሰለት ሲነበብ ጂ-ቲ ስለሆነ ሁለቱ አንድ ዋጋ አላቸው። ኮዱ ጥንዱን በሠንጠረዡ ውስጥ ሲያጣው ዜሮ እንዲደምር ከተደረገ ስሕተቱ ድምፅ ሳያሰማ ያልፋል።

የ16ቱ ጥንዶች ኤንታልፒ ሲደመር −136.0 ይሆናል፤ የሁለቱ ጫፎች ማስተካከያ 2.4 ሲጨመርበት −133.6 ይደርሳል። ኤንትሮፒው በተመሳሳይ መንገድ −360.7 ነው። ለጨው ማስተካከያ 0.368ን በ16 እና በሶዲየሙ ሞላር መጠን ተፈጥሯዊ ሎጋሪዝም እናባዛለን፤ ሶዲየሙ 50 ሚሊሞላር ከሆነ ይህ −17.6 ስለሚሆን ኤንትሮፒው −378.3 ይሆናል። ከዚያ 1.987ን በክምችቱ (በሞላር፣ ከፕራይመሩ ክምችት የዒላማው ግማሽ ተቀንሶ) ተፈጥሯዊ ሎጋሪዝም አባዝተን ኤንትሮፒው ላይ እንደምራለን፤ ኤንታልፒውን በ1000 አባዝተን ለዚህ ድምር ካካፈልን በኋላ 273.15 ስንቀንስ ሙቀቱን በሴንቲግሬድ እናገኛለን። ሁለቱ ሰንሰለቶች እያንዳንዳቸው 25 ናኖሞላር ሲሆኑ መልሱ 49.2 ዲግሪ ነው። ፕራይመሩ 250 ናኖሞላር ሆኖ ዒላማው ከቁጥር የማይገባ ሲሆን ግን 53.9 ይሆናል። ፕራይመሩ ያው፣ ጨዉም ያው ሆኖ ሳለ በክምችቱ ብቻ ወደ 5 ዲግሪ የሚጠጋ ልዩነት መጣ።

ይህን ሁሉ በእጅ መሥራት ለአንድ ጊዜ ትምህርት ነው፤ ለዕለት ሥራ ግን ባዮፓይተን፣ ማለትም በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ ለሥነ ሕይወት ሥራ የተዘጋጀው ጥቅል፣ በቂ ነው። «ሜልቲንግ ቴምፕ» በተባለው ክፍሉ ውስጥ «ቲኤም ዋላስ»፣ «ቲኤም ጂሲ» እና «ቲኤም ኤንኤን» የተባሉ ፈንክሽኖች አሉ («ቲኤም» የመቅለጫ ሙቀት አጭር ስም ነው)፤ ከላይ በዝርዝር ያየነው የሦስተኛው ስሌት ነው። ምንም ካልነገሩት ሁለቱንም ሰንሰለቶች 25 ናኖሞላር፣ ሶዲየሙን 50 ሚሊሞላር፣ ማግኒዥየሙን ዜሮ አድርጎ ያሰላል። ስለዚህ ክምችቱንና ጨዉን ሁልጊዜ በግልጽ ጽፋችሁ ስጡት። በፒሲአር ውሕድ ውስጥ ማግኒዥየም ስለማይቀር እሱንም አስገቡ፤ ለዚህ የሚስማማው በፈንክሽኑ «ሳልትኮር» ላይ 7 ተብሎ የሚመረጠው የጨው ማስተካከያ ዘዴ ነው።

አሁን ውጤቶቹን ወደምናስቀምጥበት ሠንጠረዥ እንምጣ። ብዙ ሰው ውጤቱን የሚያስቀምጠው አንድ ፕራይመር በአንድ ረድፍ፣ የጨው መጠኖቹ ደግሞ 50፣ 100፣ 200 ተብለው በዓምድ ራስ ላይ ተጽፈው ነው። ለዓይን ይመቻል፤ ለግራፍ ግን አይመችም፤ ምክንያቱም ጨው ራሱ መለኪያ ሆኖ ሳለ በዓምድ ስምነት ተደብቋል። ፓንዳስ የተባለው የፓይተን የሠንጠረዥ ጥቅል ይህን የሚፈታበት ፈንክሽን፣ ለርእሳችን እንደ ተመረጠ ሁሉ፣ «ሜልት» ይባላል፤ ትርጉሙም ማቅለጥ ነው። «አይዲ ቫርስ» ላይ የፕራይመሩን ዓምድ፣ «ቫር ኔም» ላይ «ጨው»፣ «ቫልዩ ኔም» ላይ «ሙቀት» ብላችሁ ስትሰጡት፣ ሦስት ዓምድ የነበረው የአንድ ፕራይመር ረድፍ ወደ ሦስት ረድፍ ይወርዳል፤ እያንዳንዱ ረድፍም አንድ ፕራይመር፣ አንድ የጨው መጠንና አንድ ሙቀት ይይዛል። ለክምችቱ፣ ለማግኒዥየሙና ለቀመሩ ስምም የየራሳቸውን ዓምድ ጨምሩ።

አንድ ነገር ግን ቀድሞ ይስተካከል። ከፋይል የተነበበ የዓምድ ስም ጽሑፍ እንጂ ቁጥር ስላልሆነ፣ ከማቅለጥ በኋላም «ጨው» በሚለው ዓምድ ሥር ያሉት 50ና 100 ጽሑፍ ሆነው ይቀራሉ። ሲደረደሩ 100፣ 200፣ 50 ይሆናሉ፤ ሲሣሉም እንደ ስም እኩል ተራርቀው ይቀመጣሉ። «ቱ ኑሜሪክ» በሚባለው ፈንክሽን ወደ ቁጥር ቀይሯቸው። ሠንጠረዡን ለሪፖርት ወደ ቀድሞ መልኩ መመለስ ሲያስፈልግ «ፒቮት» አለ።

የዓምድ ስሞችን በአማርኛ መጻፍ ፓንዳስ ያለ ችግር ይቀበላል። ግራፍ በሚሥለው የፓይተን ጥቅል፣ በማትፕሎትሊብ፣ ግራፍ ላይ ግን ፊደሎቻችን ባዶ ሳጥን ሆነው ይወጣሉ፤ ከፕሮግራሙ ጋር የሚመጣው ፎንት የግዕዝ ፊደል ስለሌለው ነው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ወይም አቢሲኒካን ጭናችሁ የፎንቱን ስም በቅንብሩ ውስጥ ግለጹ።

ከዚያ ጨዉን በአግድም፣ ሙቀቱን በቁም አድርጋችሁ ለእያንዳንዱ ፕራይመር አንድ መስመር ሣሉ፤ አግድሙን መስመር በሎጋሪዝም መለኪያ አድርጉት። የኤም 13 ፕራይመር በ250 ናኖሞላር፣ ያለ ማግኒዥየም ሲሰላ በ50 ሚሊሞላር 53.9፣ በ100 57.2፣ በ200 60.5 ዲግሪ ላይ ያርፋል፤ ጨው በተደረበ ቁጥር ወደ 3.3 ዲግሪ እየጨመረ ቀጥ ያለ መስመር ይሠራል ማለት ነው። የእናንተ መስመር ከተጣጠፈ የጨው ዓምዱ ገና ጽሑፍ እንደሆነ ፈትሹ፤ ቀጥ ብሎ ግን ወደ 5 ዲግሪ በሚጠጋ መጠን ዝቅ ካለ ክምችቱን ሳትገልጹ አስልታችኋል።